ልጅን ቤት ውስጥ ግጥም ማስጀመር፦ ከጆሮ ወደ ደብተር

ልጃችሁ ግጥም እንዲጽፍ ከፈለጋችሁ ደብተሩንና እርሳሱን ለጊዜው መሳቢያ ውስጥ ክተቱት። በኋላ ይፈለጋል። በኛ አገር ግጥም ከአፍ ወደ ጆሮ ሲሄድ የኖረ ነገር ነው፤ እረኛው፣ አልቃሿ፣ ሚዜው፣ ቡሄ ጨፋሪው ሁሉ ወረቀት ሳይዙ ነው የሚገጥሙት። ስለዚህ ገና ፊደል ያልቆጠረ የአራት ዓመት ልጅም መግጠም ይችላል።

ችግሩ፣ ብዙዎቻችን «የልጅ ግጥም» ሲባል ትዝ የሚለን ትምህርት ቤት በወላጆች ቀን እጅ እያወናጨፉ የሚያቀርቡት ነው። ስለ እናት፣ ስለ አገር፣ ስለ ትምህርት ጥቅም። አዋቂ ጽፎ የሰጠውን ትልልቅ ቃል ልጁ በቃሉ ይዞ ይጮኻል፣ እኛም እናጨበጭባለን። መጥፎ ነው አልልም፣ ለድፍረት ይጠቅማል። ግን ሽምደዳ ነው። እኔ የማወራው ልጁ ያየውን ነገር በራሱ አፍ ስለሚገጥምበት መንገድ ነው። ቤት መምታቱ፣ ማለትም የስንኞቹ መጨረሻ መመሳሰሉ፣ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ ባይመጣም ግድ የለም።

የማስቀምጠው ከ4 እስከ 9 ዓመት ላሉ ልጆች ይሆናል። ምሳሌዎቼ የሰሜን ሸዋ ናቸው፤ ብርዱም ገብሱም በጉም እዚህ ሞልቷል። ሌላ አገር ያላችሁ የናንተን ተኩበት።

አንደኛ፦ ጆሮውን አሙቁለት

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ሳምንታት ለመስማት ብቻ ተዉት። በቀን አሥር ደቂቃ ይበቃል። እሹሩሩው፣ የቡሄው ጭፈራ፣ የአበባየሆሹ፣ እናንተ ልጅ ሆናችሁ ገመድ ስትዘሉ የምትሉት፣ ሁሉም ይሆናል። ድምፃችሁ አያምርም? ልጁ ምን ቸገረው።

አያት ያለበት ቤት ደግሞ ትልቅ ሀብት አለው። «እማማ፣ ልጅ ሆነው በግ ሲጠብቁ ምን ይሉ ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ። መጀመሪያ «ኧረ ተወኝ፣ ረስቼዋለሁ» ይላሉ። ቡናው ሁለተኛ ላይ ሲደርስ አንዱ ስንኝ ብቅ ይላል፣ ከዚያ ሌላው ይከተላል። ስልካችሁን አጠገባቸው አስቀምጣችሁ ቅዱት፤ ግን አስፈቅዳችሁ። በጽሑፍ ማንበብ ለምትፈልጉ ደግሞ የመንዙ ተወላጅ ከበደ ሚካኤል በግጥም የጻፏቸው አጫጭር ምሳሌዎች አሉ። ጮክ ተብሎ ለመነበብ እንደነሱ የሚመች ጥቂት ነው። መጨረሻቸው ላይ ያለውን ምክር ለጊዜው እለፉት። ልጁ እንስሳቱን ይውደድ።

አንድ ዘዴ ልጨምር። ልጁ የለመደውን ስንኝ ስትሉለት የመጨረሻዋን ቃል ዋጧትና ዓይን ዓይኑን እዩት። እሱ ይሞላዋል። አንዳንዴ የራሱን አስቂኝ ቃል ይከትበታል፤ ይሄን ስታዩ መግጠም ጀምሯል ማለት ነው። «አይደለም፣ ተሳሳትክ» እንዳትሉት አደራ።

ሁለተኛ፦ ምቱን በጭብጨባ

የግጥም ምት ለልጅ በንግግር አይገባውም፣ በእጅ ግን ይገባዋል። በስሙ ጀምሩ። «ሰላም» ሁለት ጭብጨባ ነው፣ ሰ-ላም። «አበበ» ሦስት፣ አብ-በ-በ። ከዚያ ቤት ውስጥ ወዳለው ነገር ሂዱ፤ «ድመት» ሁለት፣ «ብርድ» ደግሞ ሦስት ፊደል ሆኖ ሳለ ጭብጨባው አንድ ብቻ። ይሄን ልጆች በጣም ይወዱታል። ፊደል የቆጠረ ልጅ መጀመሪያ ይከራከራል፣ «ብ አለ፣ ር አለ፣ ድ አለ!» ይላችኋል። ደግማችሁ አጨብጭቡና ጆሮው ይፍረድ።

ቃሉ ሲለመድ ወደ ስንኝ እለፉ። ለትንሽ ልጅ የሚቀለው ቡሄ በሉ የሚባለው ምት ነው፦ አራት ጭብጨባ፣ ትንሽ ትንፋሽ፣ አራት ጭብጨባ። እንዲህ፦

የኛ ድመት — ወተት ጠጣች
እሳት ዳር ላይ — ሄዳ ተኛች

ይሄን እያጨበጨባችሁ በሉት። የ-ኛ-ድ-መት፣ ወ-ተት-ጠጥ-ጣች። ከገባው በኋላ ድመቷን አውጡና ዶሮ አስገቡ፣ ዶሮዋን አውጡና እሱን ራሱን አስገቡት። «የኛ ዶሮ — ጥሬ በላች» ካለ በኋላ ቀጥሎ ምን እንዳደረገች እሱ ይንገራችሁ። ምቱ ቢሰበር አትቁጠሩበት። ጆሮው ራሱ ያስተካክለዋል፣ ባያስተካክለውም ዶሮዋ ጥሬዋን በልታለች።

ሦስተኛ፦ የቃላት ቤት

አሁን ወረቀት ይውጣ። አንድ ትልቅ ቤት ሣሉ፤ ጣሪያ፣ በር፣ ያው የልጅ ሥዕል። ጣሪያው ላይ «ላ» ብላችሁ ጻፉ። እዚያ ቤት የሚገባው በ«ላ» የሚያልቅ ቃል ብቻ ነው። ባቄላ፣ ጠላ፣ ዱላ፣ ጥላ፣ ቢላ፣ ገላ፣ በላ። ተኩላም ይገባል፣ ልጁ ካላስወጣው። «በል» መጥቶ ሲያንኳኳ ግን በር አይከፈትለትም፣ የእሱ ቤት «ል» ነው። በዚህ ጨዋታ ልጁ ፊደሉንም ሳያውቀው ይከልሳል፤ ስለ ራብዕና ሳድስ ማብራራት አያስፈልጋችሁም።

ለልጅ የመጨረሻው ፊደል መግጠሙ በቂ ነው። ትንሽ ከፍ ያለውን ግን ይህን አስሰሙት፦ «ገብስ» ከ«በርኖስ» ጋር ይገጥማል፣ ከ«ልብስ» ጋር ግን ይበልጥ ይጥማል፣ ምክንያቱም የመጨረሻው ፊደል ብቻ ሳይሆን ከፊቱ ያለውም አንድ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ሁለቱንም ቃላት ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ገብሱ ከተማው ዳር ነው፣ ብርድ ልብሱም የከተማው ስም የሚነሳበት ነው። እንዲህ አድርጋችሁ አጨብጭቡት፦

ለሆዴ ገብስ — ለብርዴ ልብስ

አራት በአራት ነው። ልጁ በዚሁ መንገድ «ለእግሬ...» ብሎ ቢቀጥል አቁማችሁ አድምጡ። ትርጉም የሌለው ቃል ቢፈጥርም ግባ በሉት፤ ለጨዋታው ሲባል ቃል መፍጠር ይፈቀዳል።

አራተኛ፦ ወጥታችሁ አንድ ነገር እዩ

ዋናው ይሄ ነው፣ እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ። «ስለ ተፈጥሮ ግጥም ጻፍ» ከተባለ ልጅ «ተፈጥሮ ውብ ናት» ብቻ ነው የሚገኘው። አንድ ነገር ስጡት። አንዲት በግ። የጋሪ ፈረስ ጆሮ። የኩበት ጭስ። ምጣድ ላይ የሚንጣጣ የገብስ ቆሎ። ጣርማ በር ላይ መኪናውን የሚውጠው ጉም። ሸዋ ሮቢት ከሆናችሁ ደግሞ ሙቀቱና የማንጎው ጥላ።

ደብረ ብርሃን 2800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ እዚህ ያደገ ልጅ ከማንም በላይ የሚያውቀው ነገር ብርድ ነው። በጥቅምትና በኅዳር ጠዋት ውርጭ ሳሩን ሲያነጣው ልጁን ደራርባችሁ አልብሳችሁ በር ላይ አውጡትና ጠይቁት። ጥያቄው አጭር ይሁን፣ መልሱን አትቅደሙት።

«ሳሩ ምን ሆኗል?»
«ነጭ ሆኗል።»
«ምን ይመስላል?»
«ጨው የነሰነሱበት።»
«እስኪ ርገጪው፣ ምን ይላል?»
«ቀጭ ቀጭ።»
«ፀሐይ ስትመጣስ?»
«ይደበቃል!»

አለቀ፣ ግጥሙ ተገኝቷል። የቀረው መጻፍ ነው፦

ሳሩ ጨው ተነስንሶበታል
ስረግጠው ቀጭ ቀጭ ይላል
ፀሐይ ስትመጣ ይደበቃል

ቤቱ እንዴት እንደገጠመ አያችሁ? ማንም አልፈለገውም። አማርኛ ግሡን መጨረሻ ላይ ስለሚያስቀምጥ፣ ልጁ ስለ አንድ ነገር እያወራ ከቀጠለ ስንኞቹ ራሳቸው ይገጥማሉ። ስለዚህ «ቤት ምታ፣ ቤት ምታ» እያላችሁ አታስጨንቁት። «ምን ይመስላል?»፣ «ምን ይሸታል?»፣ «ምን ይላል?»፣ «ቢያወራ ምን ይልህ ነበር?» የሚሉት አራት ጥያቄዎች ለአንድ ዓመት ይበቃሉ። ሁሉንም በአንድ ቀን አትጨርሱ፣ ምርመራ ይሆንበታል።

አምስተኛ፦ እናንተ ጸሐፊ ናችሁ፣ ገጣሚ አይደላችሁም

እስከ ሰባት ዓመት ድረስ፣ መጻፍ ቢችልም እንኳ፣ እሱ ይናገር እናንተ ጻፉ። የልጅ እጅ ከአፉ ይዘገያል፤ አንዷን «ቀጭ» ጽፎ እስኪጨርስ ሁለተኛዋ ትጠፋበታለች። ትንፋሽ ሲወስድ ወደ አዲስ መስመር ውረዱ። ያለውን ቃል በቃል ጻፉ፣ የሰፈር አነጋገሩንም ሳታስተካክሉ። ከዚያ መልሳችሁ አንብቡለትና «እንዲህ ነው ያልከው?» በሉት። ካላለው ይቀየራል፣ ካለው ይቆያል፣ ፈራጁ እሱ ነው። ሥር ላይ ስሙን፣ ዕድሜውንና ቀኑን ጻፉ።

ከባዱ ፈተና እጅን መሰብሰብ ነው። አንድ ልጅ እንዲህ አለ እንበል፦

በጌ ብርድ አይፈራም
እኔ ያለ ጋቢ አልወጣም

አዋቂው ሲያጨበጭብ ምቱ አልመጣ ይለዋል። እጁን ይበላዋል፣ ያስተካክለዋል፦

በጌ ብርዱን — መች ይፈራል
እኔ ጋቢ — ያሰኘኛል

አሁን አራት በአራት ገጥሟል፣ አንድም ጭብጨባ አልጎደለም። ግን «ያሰኘኛል» የሚል የስድስት ዓመት ልጅ የት አገር አለ? የመጀመሪያው ውስጥ በጉን አይቶ በራሱ የሚያፍር ትንሽ ልጅ አለ፤ ሁለተኛው ውስጥ አባቱ ብቻ ነው ያለው። እኔ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ፣ ሳላመነታ። ደግሞ የአዋቂ እጅ የገባበት የልጅ ግጥም ከሩቁ ያስታውቃል፤ ልጁም የራሱ እንዳልሆነ ያውቃል፣ ሁለተኛ ለመሞከርም ልቡ ይሰንፋል።

የ«ነው» ወጥመድ

ይሄ ስድስት ሰባት ዓመት ላይ ይመጣል፣ የማይቀር ነገር ነው። ልጁ ስንኝ መጨረሻው መመሳሰል እንዳለበት ይገባዋል፣ ከዚያ ቀላሏን መንገድ ያገኛል፦ ውሻዬ ጥሩ ነው፣ ቤታችን ጥሩ ነው፣ ትምህርት ጥሩ ነው። ገጹ ሙሉ ነው፣ ነው፣ ነው። አትሳቁበት፣ ግን እንዲሁም አትተዉት።

ሁለት መውጫ አለው። አንደኛው «ጥሩ» የምትለዋን ቃል መያዝ ነው። «ውሻህ ጥሩ መሆኑን በምን አወቅህ?» በሉት። «ማታ በር ላይ ይተኛል» ይላል። «እንግዲህ እሱን በለው።» ጥሩ፣ ቆንጆ፣ ውብ፣ ደስ የሚል፤ እነዚህን ለአንድ ሳምንት ቤት ውስጥ አግዷቸውና ቅጣቱ መዝፈን ይሁን። እናንተም ትቀጣላችሁ፣ እንዲያውም ቀድማችሁ የምትቀጡት እናንተ ናችሁ።

ሁለተኛው ዓረፍተ ነገሩን መገልበጥ ነው። ንግግር ላይ ግሡ መጨረሻ ይሆናል፤ ግጥም ላይ ግን ወደ ፊት ቢመጣ ማንም አይከሰውም። ቃላቱን በየቁራጭ ወረቀት ጻፉና መሬት ላይ ዘርግታችሁ ልጁ ቦታ ይቀያይራቸው። ድመታችንን እንመልሳት። «የኛ ድመት ወተት ጠጣች» የሚለው ሲገለበጥ፦

ጠጣች ወተት — የኛ ድመት

ወተትና ድመት ተገጣጠሙ። ቃሉ ያው፣ ቁጥሩ ያው፣ ቦታው ብቻ ተቀየረ። ልጆች ይሄን ሲያዩ ቤት ውስጥ ያለውን ዓረፍተ ነገር ሁሉ እየገለበጡ ያስቸግሯችኋል። ያስቸግሩ።

እንቆቅልሽን ተጠቀሙበት

ያቺን የውርጭ ግጥም ተመልሳችሁ እዩዋት። «ውርጭ» የሚል ቃል የለባትም። የነገሩን ስም ሳትጠሩ ብትሏት እንቆቅልሽ ትሆናለች። ማታ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ከእንቆቅልሽ የተሻለ ምን አለ፦ «እንቆቅልሽ?» «ምን አውቅልሽ!» ከዚያ ልጁ የራሱን ግጥም ይላል፣ ሌላው ይገምታል። ያልመለሰ አገር ይሰጣል። ደብረ ሲናን ስጡ፣ አንኮበርን ስጡ፣ መሐል ሜዳን ስጡ፣ በዚያው አካባቢውን ይወቁት።

አዲስ ሲፈጥሩ ሕጉ አንድ ብቻ ነው፦ የነገሩን ስም መጥራት ክልክል ነው። ምጣዱ ላይ ስላለው ቆሎ ለምሳሌ፦

ምጣድ ላይ ይጨፍራሉ
ሲሞቃቸው ይስቃሉ

ስሙ ሲከለከል ልጁ የግድ ስለ ሽታው፣ ስለ ድምፁ፣ ስለ ሥራው ያወራል። ይሄ በኋላ ሰምና ወርቅ ለሚባለው ነገር ጥሩ መንደርደሪያ ነው፤ ሰምና ወርቁን ራሱን ግን በዚህ ዕድሜ አታንሱበት፣ አያስፈልገውም።

ስለ ማረም

በአጭሩ፣ አታርሙ። ሰባት ስምንት ዓመት ሆኖት ራሱ መጻፍ ሲጀምር ፀሐይን በየትኛውም «ሀ» ቢጽፋት ትወጣለች። ቀይ እስክሪብቶ አይቅረብ። የፊደል ስህተቱን በሌላ ቀን፣ በሌላ ደብተር። ስለ ግጥሙ መናገር ካማራችሁ መጀመሪያ የወደዳችሁትን አንድ ቃል ጥሩለት፣ «ቀጭ ቀጭ» ያልሽው ጆሮዬ ላይ ቀረ፣ በሉ። ከዚያ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ። «ከዚያስ በጉ የት ሄደ?» ይበቃል። መልስ ካለው ስንኝ ይጨመራል፣ ከሌለውም ግጥሙ አልቋል።

ለማን ይነበብ?

ግጥም ሰሚ ይፈልጋል። ግን «ና እስኪ ለእንግዶቹ ግጥምህን በልላቸው!» ብሎ ከጨዋታው ጠርቶ መሐል ላይ ማቆም ልጁን ለዓመት ከግጥም ያጣላዋል። ከታላቅ እህቱ ጋር ማወዳደርም እንዲሁ። ይልቅ በድምፅ ቅዱትና አዲስ አበባ ላለችው አክስት ላኩላት፤ እሷ ደውላ «ያ በግህ ደህና ነው?» ስትለው ፊቱን እዩት።

ከሁሉ የሚሻለው ሰሚ በዓል ይዞት ይመጣል። ቡሄ ነሐሴ 13 ነው፤ ክረምቱ ደግሞ ትምህርት ቤት የሚዘጋበት ጊዜ ስለሆነ ከሐምሌ ጀምሮ መዘጋጀት ይቻላል። ሆያ ሆዬ ላይ አውራጁ የቤቱን ሰው በስም እየጠራ ያሞግሳል፣ ተቀባዩ «ሆ» ይላል። እዚያው የሚፈጠር ግጥም ነው። ልጃችሁ ለየጎረቤቱ አንዳንድ ስንኝ አስቀድሞ ያዘጋጅ። ለእትዬ እንትና ስለ ዶሮዎቻቸው፣ ለጋሼ እንትና ስለ ፈረሳቸው። በእውነት ያየውን ነገር ይበል። ሁሉም ቤት ከሚሰማው የተለመደ ሙገሳ መሐል የራሳቸውን ዶሮ ሲሰሙ ከሙልሙሉ በላይ ሳንቲም ጨምረው ቢሰጡት አይገርመኝም። ወር ሳይሞላ እንቁጣጣሽ ይደርሳል። ልጆች የአበባ ሥዕል ሥለው ለጎረቤት ሲያድሉ ከሥዕሉ ጀርባ ሁለት ስንኝ ቢጽፉበት ወረቀቱ ዝም ብሎ አይጣልም።

እምቢ ሲልስ?

ይላል። አንዳንድ ሳምንት ኳስ ነው፣ አንዳንድ ሳምንት ካርቱን ነው። ተዉት። ቃላት ቤቱ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ይቆይ፣ እናንተም ሽንኩርት እየከተፋችሁ አንድ ስንኝ ጀምራችሁ ሳትጨርሱ ዝም በሉ። ልጅ ያልተሞላ ስንኝ ሲሰማ ዝም ማለት አይሆንለትም።

ዘጠኝ ዓመት ገደማ ሲሆን

አራት በአራቱ ሲጠብበት ራሱ ረዘም ያለ ነገር መናገር ይጀምራል። ያኔ የወል ቤትን አስተዋውቁት፤ ስድስት ጭብጨባ፣ ትንፋሽ፣ ስድስት ጭብጨባ። አብዛኛው የምናውቀው የአማርኛ ግጥም በዚህ ምት ስለሆነ ጆሮው አያጣውም። በመንገዳችሁ ወደ መንዝ ጓሳ ወይም ወደ ጣርማ በር ገደል ከወጣችሁ ጭላዳ ዝንጀሮዎቹን ቁጭ ብሎ ይያቸው። እንዲህ ያለ ነገር ይወጣል፦

ጭላዳው ገደል ላይ — ፀሐይ እየሞቀ
እኔን ሲያይ ጊዜ — ጥርሱን ገልጦ ሳቀ

ስድስት በስድስት፣ «ቀ» በ«ቀ»። ቤት ስትመለሱ ደግሞ እውነቱን ንገሩት፦ ጭላዳ ከንፈሩን ገልብጦ ጥርሱንና ድዱን ሲያሳይ እየሳቀ አይደለም፣ ብዙ ጊዜ «ራቅ በል» ማለቱ ነው። ልጁ ይሄን ሰምቶ ሁለተኛውን ስንኝ መቀየር ከፈለገ ይቀይር። አልቀይርም፣ ስቆልኛል ካለም ደብተሩ የእሱ ነው።